ከበራፋችን የቆመው ሰማያዊ በርሜል

የቀበሌው ትእዛዝ ወደ ሰፈራችን የደረሰው አተት በገባበት በጋ ነው። አተት የምንለው አጣዳፊውን ተቅማጥና ትውከት ነበር። ስሙ አጭር ስለሆነ ቀለል ያለ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ቆቦ ላይ ያን ሰሞን ሰው ሲጠራው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ትእዛዙ እያንዳንዱ ግቢ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በራፉ ላይ እንዲያቆም ነው። የጽዳት ማኅበር ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን በአህያ ጋሪ እየመጡ ይወስዳሉ፤ ሜዳ ላይና ቦይ ውስጥ መድፋት ቀረ።

እኛ ግቢ ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ። እህቴ ከጎብዬ ማሽላ እየሸመተች ቆቦ ላይ የምትቸረችር፣ ቤቱን በትከሻዋ ያቆመች ሴት ናት። እኔ እኩዮቼ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ፊደል ቆጥሬ፣ ያን ጊዜ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ ደግሞ በቅርቡ ሆዷን ታማ፣ ጤና ጣቢያ ተኝታ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው የተመለሰችልን። ስናስወጣት ሐኪሙ እኔንና እህቴን ለብቻ ጠርቶ፣ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣባቸው የሚቋቋሙበት አቅም የላቸውም። ከዝንብና ከውሃ ጠብቋቸው" ብሎናል። ስለዚህ የቆሻሻ ዕቃ መግዛት ለሌላው ግቢ የቀበሌ ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ የእናቴ ነገር ነበር። የምትተኛበት ክፍል ደጃፍ ከግቢው በር ጋር ፊት ለፊት ነው። በራፍ ላይ የሚቆም ነገር ሁሉ እሷ አጠገብ እንደቆመ ይቆጠራል።

ይህን ስለማውቅ ከመገመት መለካት መረጥሁ። አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አስቀምጬ ከግቢያችን የሚወጣውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት እዚያ ውስጥ አጠራቀምሁ። አመዱ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይገባል፤ ሽታውንም ዝንቡንም ይቀንሳል። የድንቹን ልጣጭና የጎመኑን ግንድ ፍየሏ ትጨርሰዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ የሚሰበሰቡት የእናቴ ወዳጆች ትተውት የሚሄዱት የጫት ገረባ ደርቆ እሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። የሚቀረው ፌስታል፣ ቡትቶ፣ የጥራጊ አፈር፣ አንዳንዴም አጥንት ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ጀሪካኑ ገና ግማሽ ላይ ነበር።

ጋሪው በሳምንት አንዴ ከመጣ፣ ለዒድ ሰሞንም ትርፍ ቦታ ትተን፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ባለክዳን ባልዲ ይበቃናል። ከዚያ ከበለጠ ቶሎ አይሞላም። ሰው ደግሞ ያልሞላ ዕቃ መድፋት አይሆንለትም፤ ገና ነው እያለ ያቆየዋል፤ ከሥር ያለው በዚህ በቆላው ሙቀት ይፈላል። ይህን ሁሉ ለእህቴ አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ በጋሪ አስጭና ያመጣችው ግን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበር፤ ውሃ ከምናጠራቅምበት በርሜል ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የውሃ በርሜል ነው" አልኋት።

"ክዳን አለው?"

"አለው።"

"ቀበሌው ከክዳን ሌላ ምን አለ?"

"ትልቅ ነው። እኛ ሦስት ሰው ነን።"

"አንቺ ቀለሜ፣ አሁን ደግሞ ቆሻሻችንን ፈተና ልትፈትኚው ነው? ትልቅ ቢሆን ምን አለበት፤ አይበላብሽ፣ አይጠጣብሽ።"

"ሴቶቹ ጋሪው ላይ ማንሳት አይችሉም።"

"ሁለት ሆነው ያነሱታል። ደግሞስ የእህል ነጋዴ ቤት ሆነን በባልዲ ብንወጣ ሰው ምን ይለናል? እነዚህ የሚበሉትም የላቸው እንዴ ነው የሚለን።"

እናቴ ከደጃፏ ተቀምጣ ትሰማናለች። ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰውንም በአረማመዱ ታውቀዋለች፣ ከዚያ ያለፈውን በእጇ ነው የምታየው።

"ምን ያነታርካችኋል?" አለች።

"የቆሻሻ ዕቃ ነው እምዬ። ልጅሽ እንደ አቡጀዲ በክንድ ለክታ ካልተገዛ አለች።"

"እንግዲህ ልብስ ሰፊ ብትሆን ነበር የሚበጃት" አለች እናቴ። ሦስታችንም ሳቅን። በርሜሉ ግን በራፉ ላይ ቆመ።

የሰፈራችንን ሰው ጠባይ እህቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ያን ጊዜ ግን አላሰበችውም። እኛ ዘንድ ጎረቤትን እዚህ አትጣል ማለት አፍ ላይ አይመጣም። ባልዲ ቢሆን ኖሮ አይቶት ያልፍ ነበር፤ ለቤቱ ብቻ እንደሚበቃ ዓይቶ ያውቃል። በርሜል ሲያይ የሰፈር መሰለው። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን የዶሮ ላባና አንጀት በሳፋ ይዛ መጣች፤ እኔ ቆሜ እያየኋት ገለበጠችው፤ "የናንተ እንኳ መች ይሞላል፤ አላህ ይስጣችሁ" ብላኝ ሄደች። አሜን አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? በሦስተኛው ቀን ክዳኑ መግጠም ተወ።

ጋሪው ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ወዘወዙት። ንቅንቅም አላለ።

"እህቴ፣ ምንድን ነው የቀበራችሁበት?" አለች አንደኛዋ ወገቧን ይዛ። "ይሄን ለእኛ ሳይሆን ለመንገድ ሠራተኞች ነው መስጠት፤ እነሱ ክሬን አላቸው።"

ከላይ ከላዩ በአካፋ ወሰዱ። የሥሩ ቀረ። የዚያ ሳምንት ዝንብ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከበርሜሉ ተነሥቶ የሚያርፈው እናቴ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ብርጭቆዋ ላይ፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ። በሯ ላይ ሻሽ ሰቀልሁ፤ "አፈናችሁኝ" እያለች ገለጠችው። ምግቧን ሳቀርብላት አጠገቧ ተቀምጬ እስክትጨርስ በመጽሐፌ አራግብላት ነበር፤ የማነበው ግን አይገባኝም፤ በልቤ ሐኪሙ ያለንን ነው የምሰማው።

ሳይነገራት እህቴም አየችው መሰለኝ፣ በሚቀጥለው የጋሪ ቀን በማለዳ ተነሥታ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ አስራ፣ የበርሜሉን ሆድ እስከ ሥሩ በአካፋ ዛቀችው። ከዚያ በኦሞና በበረኪና ፈትጋ አጠበችው። "ከእንግዲህ ቁልፍ ይሠራለታል፤ ማንም አይጥልበትም" አለችኝ። በፀሐይ እንዲደርቅ በራፉ ላይ አቆመችው።

ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ሞተር ይቆማል፤ ሞተሩ ሲቆም ቧንቧው ይደርቃል። ውሃ በቦቴ ይመጣ ጀመር። ቦቴው በሰፈሩ ሲያልፍ የደረሰለት እንዲቀዳ እያንዳንዱ ቤት የውሃ በርሜሉን ወደ በራፍ ያወጣል፤ እኛም አወጣን። እንግዲህ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ትከሻ ለትከሻ ቆሙ፤ አንዱ ውሃ የሚጠብቅ፣ ሌላው የሚደርቅ። ቦቴው ሲመጣ እኔ ክዳን ለማምጣት ገባሁ። ስመለስ የውሃው በርሜል እስከ አፉ ሞልቷል፤ ሰውዬው ጎማውን ሁለተኛው ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

"ተው፣ ይሄ የቆሻሻ ነው" አልሁት።

"አሁን ነው የሚነገረኝ?" አለ ጎማውን እየመዘዘ። ውሃው ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ጎድሎ ቆመ። "እቴ፣ ውሃ አንዴ ከወጣ ወደ ቦቴ አይመለስም" ብሎኝ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ይደፋ አልሁ። እህቴ ያበድሁ መስሏት አየችኝ።

"ሰዉ በአንድ ጀሪካን ሲጋፋ ቆሞ ያያል፤ እኔ በርሜል ሙሉ ውሃ መሬት ላይ ላፍስስ? አላህስ አይቆጣም? ታጥቧል እኮ፤ በረኪናው እጄን ልጦታል። ልብስ እናጥብበታለን።"

"እምዬስ? ከየትኛው እንደምትቀዳ በምን ታውቃለች?"

"እንነግራታለን።"

"ምን ብለን?"

እናቴ የቆሻሻ ዕቃ ውስጥ የገባ ውሃ በራፏ ላይ እንዳለ ከሰማች ጎን ለጎን የቆመውንም እንደምትጠረጥር ሁለታችንም እናውቃለን። ከሶላት በፊት ለውዱዕ በምትታጠብበት ውሃ ነገር ላይ ከማንም ጋር አትደራደርም። ከሁለቱም አልነካም ትላለች፤ ከሁለቱም ካልነካች ሌላ ውሃ የለም።

እህቴ ከቀሚሷ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ ቀደደችና በንጹሑ በርሜል ክዳን ጆሮ ላይ አሰረችው። እናቴን እጇን ይዛ አመጣቻት።

"እምዬ፣ ይሄ ጨርቅ ካለበት ቅጂ። ያኛው ለልብስ ነው።"

እናቴ ቋጠሮውን በጣቶቿ ዳበሰችው። "ያኛው ምን ሆኖ?"

"ጨው ጨው ይላል።"

"ከአንድ ቦቴ አይደለም የተቀዳው?"

"ከሥሩ የቀረው ነው መሰለኝ እምዬ፤ እኔ ምኑን አውቄ" አለች እህቴ። እናቴ ወደ እኔ ፊቷን አዞረች። እኔ ማንቆርቆሪያዋን ተቀብዬ ከንጹሑ ቀዳሁላት።

በማግስቱ ጠዋት ፈተና ነበረኝ። ከቤት ስወጣ ጨርቁ በቦታው እንዳለ ዓይቼ ነው የሄድሁት። የፈተናው ወረቀት ፊቴ ላይ ሆኖ ስለ ክዳኑ አስብ ነበር፤ ለምን እንዳሰብሁት ራሴም አላወቅሁም፤ አንድ ያልገጠመ ነገር እንዳለ ብቻ ይሰማኛል። የገባኝ ስመለስ ነው። ከግቢው በር ስደርስ እህቴ ጥላው ሥር ልብስ ታሻለች፣ በሳፋው ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ሁለቱም በርሜሎች ተከድነዋል። የሁለቱም ክዳን አንድ ልክ ነው። ጨርቁ የታሰረው ክዳኑ ላይ እንጂ በርሜሉ ላይ አይደለም።

"እትዬ፣ ሁለቱንም ከፍተሽ ነበር?"

"ምን?"

"ክዳኖቹን። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አንስተሽ ነበር?"

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። "ትናንት ማታ ከዚህ ለልብስ ቀዳሁ፤ ከዚያ ለወጥ። ከዚያ..."

ጨርቅ ያለበትን ክዳን አነሣሁ። ውሃው ከአፉ ስንዝር ጎድሎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት፤ በረኪና፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር። ጨርቅ የሌለውን አነሣሁ፤ ክዳኖቹ ተቀያይረው፣ ልብስ የሚታጠበው ከንጹሑ ነበር።

እናቴ ክፍል ገባሁ። መስገጃዋ ላይ ነበረች፤ ማንቆርቆሪያዋ ከጎኗ እርጥብ ነው። ሶላቷን ጨርሳ እስክታሰላምት ቆሜ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ ስግደት የለም።

"እምዬ፣ ውሃ ከየት ቀዳሽ?"

"ጨርቅ ካለበት። እንዳላችሁኝ።"

"ጠጣሽው?"

"ሱብሒ ላይ አፌን ተጉመጠመጥሁ፤ ከቁርስ በኋላ ጠጣሁ፤ አሁን ደግሞ ለዙሁር ተጉመጠመጥሁ። ምነው፣ ጨው ጨው አላለኝም።"

ከበር ላይ እህቴ ቆማ እንደነበር ያየሁት ስዞር ነው። እጇ ላይ አረፋ ነበር።

ከዐሥር ሶላት በፊት ሆዷን ያዛት። መጀመሪያ ለብቻዋ ልትነሣ ሞከረች፤ ቀጥሎ ክንዷን ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ መሄዱንም ተወች። ጎረቤቶች የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠሩልን፤ ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። ጨውና ስኳር ያለበትን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት ቀድዳ፣ ከጎረቤት በመጣ በፈላ ውሃ በጠበጠችው። "በማንኪያ በማንኪያ፣ ሳታቋርጡ" አለች። የእናቴን የእጅ ጀርባ ቆዳ ቆንጥጦ መልቀቅ አሳየችኝ፤ ወዲያው ከተመለሰ ውሃ አለ፣ ቆሞ ከቀረ ጊዜ የለም፤ ያኔ መኪና ፈልጋችሁ ወደ ሆስፒታል።

ቆነጠጥሁ። ቆሞ ቀረ። የራሴን ቆነጠጥሁ፤ ተመለሰ። ደግሜ የእሷን ቆነጠጥሁ፤ እንደ ድንኳን ቆመ።

"አይመለስም" አልኋት።

"እሳቸው አርጅተዋል፤ የአሮጊት ቆዳ ድሮም አይመለስም" አለችኝ ልጅቱ በዝግታ። "ምላሳቸውን እዪ። እርጥብ ከሆነ ጥሩ ነው። እንባቸውን እዪ።"

በዚያ ሌሊት እህቴ ማንኪያውን ያዘች፤ እኔ የእናቴን ምላስ አያለሁ። ማንኪያው ከብርጭቆው ወደ ከንፈር፣ ከከንፈር ወደ ብርጭቆው። አንዴ ብቻ፣ እናቴ የጠጣችውን ሁሉ ስታስመልስ፣ እህቴ አፏን በእጇ ከደነች፤ ከዚያ አዲስ በጠበጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሲነጋ እናቴ ማንኪያውን በእጇ ገፋችው።

"በቃኝ ይሄ ጨው። የሚበላ የለም?"

ምላሷን አየሁ። እርጥብ ነበር። እህቴ ተነሥታ ወጣች፤ ለብቻዋ ልታለቅስ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አልተከተልኋትም።

ከውሃው ይሁን ከሌላ ማንም አላወቀም። ልጅቱም "እንዲህ ነው ማለት አልችልም" ብላናለች። እናቴ ግን ገንፎዋን ከጨረሰች በኋላ ሁለታችንንም ፊቷ አስቀመጠችን። እህቴ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ክዳኑ።

"ጨው ጨው ይላል ያላችሁኝ ይሄን ነው?"

"ከሁለቱም ትተያለሽ ብለን ነው እምዬ።"

"ብተው በውሃው ፈንታ በአፈር ተይሙም አደርግ ነበር፤ እሱ እንደሆነ ሞልቷል። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "የሰገድሁትን ልድገም፤ ማንቆርቆሪያዬን አጥባችሁ አምጡልኝ።" እህቴ አንገቷን ደፍታ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች።

ያን ውሃ እህቴ ራሷ ደፋችው። በሳፋ እየቀዳች ለፓፓያው፣ ለሎሚው፣ የቀረውን ለመንገዱ አቧራ። ሰዎች ቆመው አዩዋት፤ አንዷ "ምነው፣ በዚህ ጊዜ ውሃ?" አለቻት፤ እህቴ ቀና ብላም አላየቻት። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ወደ ግቢ አንከባልላ አስገባችው፤ ከአናጢው ጎረቤታችን መጋዝ ተውሳ መጣች።

"የት ላይ ልቁረጠው?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ በርሜል ቆቦ ላይ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ለልጅ ይወረሳል እንጂ አይቆረጥም። ቀልድ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። መጋዙን ይዛ ትጠብቀኛለች።

ጉልበቴ ጋ በከሰል አሰመርሁ። ዙሪያውን በገመድ አስተካከልሁት፤ ያን ቀን ስለ ልኬ ምንም አላለችም። እኔ ደግፌ ያዝሁላት፤ እሷ ጋዘች። ፕላስቲኩ በሙቀቱ እየለሰለሰ መጋዙን ይይዘዋል፤ ታወጣዋለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሁለት ሲሆን የላይኛውን ቀለበት ለፓፓያው አጥር እንዲሆን ወረወረችው፤ የታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ አለሰለሰችው። ክዳኑን ቆርቆሮ ሠሪው ዘንድ አስቆረጥሁ።

"ወዲህ አምጡት" አለች እናቴ ከደጃፏ።

ፊቷ አስቀመጥነው። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ጠርዙን በሁለት እጇ ዞረችው፤ ከዚያ ክንዷን ወደ ውስጥ ሰደደችና ሥሩን ነካች። እጇ እዚያው ጥቂት ቆየ።

"ይሄን ከሌላው እለየዋለሁ" አለች።